ፊደሉ አምሮ ካልተነበበ

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ



የማኅበራችንን ፖስተርና መጥሪያ የምንሠራው እኛ ወጣቶቹ ነን። ዛሬ የማወራውም ስለምንመርጠው ፎንት፣ ማለትም ስለ ፊደሉ ቅርጽ ነው።

አሁን የድሮ መልክ ያላቸው ፎንቶች ፋሽን ሆነዋል። ከታወቁት አንዱ ፉቱራ ነው። ጀርመናዊው ፓውል ሬነር የሠራው ሲሆን በ1927 እ.ኤ.አ. ወጣ። ጌጡን አራግፎ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘንን መሠረት አደረገ። አሜሪካኖች በ1969 ጨረቃ ላይ ትተውት የመጡት ጽሑፍ እንኳን በፉቱራ ነው። ለላቲን ፊደል ያምርበታል።

በዕብራይስጥ ግን ዳሌትና ሬሽን የሚለያቸው አንዲት ማዕዘን ናት። እሷን ካጠፋናት ቃሉ ሌላ ይሆናል።

የእኛ ፊደል ደግሞ ይብሳል። «ቡ» ጭረቷ ቀኝ እግሯ መሃል ላይ ነው፤ «ቢ» ግን እግሯ ጫፍ ላይ ነው። ጭረቷን ለማሳመር ብለን ብናሳጥራት ድምፁ አብሮ ይጠፋል።

ዕብራይስጥ የማያነቡ እናቶቻችንና አባቶቻችን መጥሪያ የሚደርሳቸው በዚህ ፊደል ነው። እነሱ ካላነበቡት ለማን ሠራነው?

ስለዚህ አደራ፣ ከመታተሙ በፊት ለአንድ ትልቅ ሰው እናሳይ፤ ያንብቡልን። ከተደናቀፉ ፎንቱን እንቀይር። ወላጆችም «ልጆቹ ደክመውበታል» ብላችሁ ዝም አትበሉን፤ ንገሩን።