ክትባቱና ብድሩ ለየብቻ ይሁኑ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሥራ አመራር ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር፣ የካቲት 2014 ዓ.ም.)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ኮሚቴው ተቀምጠን በጋራ ነው። በአጀንዳው ላይ «ስለ ኮሮና ክትባት ማብራሪያ» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያየ አባል «አሁንም?» ቢል አንፈርድበትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ታጠቡ፣ ተራራቁ፣ ጭምብል አድርጉ ሲባል ከርመናል። ዛሬ የቆምነው ያንኑ ለመድገም አይደለም። ከተዘዋዋሪ ብድር ፈንዳችን ደጋፊዎች አንዱ፣ በሚቀጥለው ዙር ብድር የሚወስዱ አባላት መጀመሪያ የክትባት ካርዳቸውን እንዲያሳዩ በደብዳቤ ጠይቆናል። በቅን ልብ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ስለ ጤናችን ማሰቡን አይተንበታል። ኮሚቴው ግን አልተስማማም። ያልተስማማንበትን ምክንያት እናንተ ሰምታችሁ እንድትወስኑ፣ ንግግሩም በጋዜጣችን ስለሚወጣ ደጋፊዎቻችን እንዲያነቡት ፈልገናል።

ነገሩ ከክትባቱ በፊት ይጀምራል። የመጀመሪያው ታማሚ በሀገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ እንደሚጠብቀው ተነገረን። ሁለት መቶ ሺህ ብር! በቀን የጋገረችውን እንጀራ ሸጣ ለማታ የምትገዛው ዘይት የሚጎድላት ሴት ይህን ቁጥር ስትሰማ ከመፍራት ይልቅ መሳቅ ነው የሚቀናት፤ ብዙዎቻችን ስቀናል።

ደንቡ ሲጻፍ የታሰበው ቤት የእኛን ቤት አይመስልም። ርቀት ጠብቁ ተባለ፤ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ስድስት ሰባት ሰው ሆነን ስናድር ከማን ነው የምንርቀው? መጸዳጃው የጋራ ነው፣ የውሃ ቧንቧውም የጋራ ነው። እጃችሁን በየጊዜው ታጠቡ ተባለ፤ ውሃው በፈረቃ ይመጣል፣ ባልመጣበት ቀን ጀሪካኑን ገዝተን ነው የምንሸከመው። ታክሲ ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ተደረገና ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ከየካ አባዶ ቦሌ ድረስ ለልብስ አጠባ የምትመላለስ አባል፣ በአንድ ጉዞ ሁለት ታክሲ ብትይዝ፣ ደርሶ መልስ አራት ነው፤ ታሪፉ ሲታጠፍ የስምንት ታክሲ ሂሳብ ትከፍላለች። ያውም ሥራው ካለ። አብዛኞቹ አሠሪዎች «እስኪረጋጋ አትምጪ» ብለዋል። አዋጁ ሠራተኛ ማባረርን ይከለክል ነበር፤ ግን የቀን ልብስ አጣቢ መቼ ተቀጥራ ነው የምትባረረው? ውል የላትም። «አትምጪ» ማለት ብቻ ይበቃል።

ለእኛ ይጠቅም የነበረ አንድ አንቀጽ ነበረ። በአዋጁ ጊዜ አከራይ ተከራዩን ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም አይችልም ነበር። ጭምብል ያላደረገ ይያዛል የሚለው በድምፅ ማጉያ በየሰፈሩ ተለፍፏል፤ ተከራይ አይወጣም የሚለውን በድምፅ ማጉያ የሰማች አባል ፈልገን አላገኘንም።

የጉሊት ነጋዴዎቻችንን ነገር ደግሞ አንርሳ። አትክልት ተራ መጨናነቅ አለበት ተብሎ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር፣ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሜዳው ሰፊ ነው። ክረምቱ ሲገባ ግን ጃንሜዳ ጭቃ ሆነ። እስከ ጉልበት በሚደርስ ጭቃ ሽንኩርትና ቲማቲም በጀርባ ያወጡ አባሎቻችን ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ከ2013 ጥምቀት በፊት ገበያው እንደገና ወደ ላፍቶ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። በስድስት ኪሎና በጉለሌ አካባቢ ለምትሸጥ ሴት ይህ ከተማውን ማቋረጥ ነው። የመኪናው ዋጋ በሽንኩርቱ ላይ ይጨመራል፤ ደንበኛዋም «ሌባ ሆንሽ» ይላታል።

ከሁሉ የከፋው ግን ለቅሶው ነበር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ጊዜ እድራችን ድንኳን አልጣለም። ሙሉ ዕድሜዋን የሰው ለቅሶ ስትደርስ፣ ንፍሮ ስትቀቅል፣ ውሃ ስትቀዳ የኖረች እናት ሞታ፣ እኛ በር ላይ ቆመን በዓይን ብቻ አልቅሰን ተመልሰናል። የሞተችው በኮሮና አልነበረም። ልጆቿ እስካሁን «እናታችን ሰው እንዳልነበራት ተቀበረች» ይሉናል። በሀገራችን እንዲህ ያለ ነገር በገንዘብ አይካስም። በኋላ በ2013 የምርጫው ቅስቀሳ ሲደርስ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ጭምብሉን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ በቴሌቪዥን ስናይ፣ ለቅሶ የተከለከልን ሰዎች ምን እንደተሰማን መናገር አያስፈልግም። ከዚያ ቀን በኋላ በጤና ስም የሚነገር ነገር ሁሉ ግማሽ ክብደቱን አጣ።

ይህን ስንል እገዳው ሁሉ ከንቱ ነበር ማለታችን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሽታውን የሚያውቀው አልነበረም፤ የመተንፈሻ መሣሪያውም ኦክስጅኑም ለሕዝባችን ብዛት እጅግ ጥቂት ነበር። ሆስፒታል ሳይጨናነቅ ጊዜ መግዛት ያስፈልግ ነበር። በመካከላችን «ኮሮና የሚባል በሽታ የለም» የምትሉም አላችሁ፤ እዚህ ላይ አንስማማም። በሀገራችን በምርመራ ተረጋግጦ የሞተው ብቻ ከ7,000 ሰው በላይ ሆኗል፤ ሳይመረመር የተቀበረውን የቆጠረው የለም። ባለፈው ታኅሣሥ ኦሚክሮን ሲገባ በየቤቱ ስንቱ እንደተኛ ሁላችሁም አይታችኋል።

ወደ ክትባቱ እንምጣ። 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኔካ ክትባት በኮቫክስ በኩል አዲስ አበባ የደረሰው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው። መስጠት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን ነበር፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተነገረ ልክ በዓመቱ። ቅድሚያ ለጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎ ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ተባለ፤ ተገቢ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ምን ሆነ? ዴንማርክ፣ ከዚያም ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ይህንኑ ክትባት ከደም መርጋት ጋር ተያይዞ ለጊዜው አቆምን አሉ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥቅሙ እንደሚያመዝን ወዲያው ተናገረ፤ ችግሩ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ እንደሚደርስም ተብራራ። ሰፈራችን የደረሰው ግን የመጀመሪያው ወሬ ብቻ ነው፤ «እነርሱ የጣሉትን ነው ለእኛ የላኩት» ተባለ። ይህን ወሬ ያመነችን ሴት መሃይም ብሎ መሳደብ ቀላል ነው። የሰማችው ነገር ግማሹ እውነት እንደነበረ ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ደግሞ ክትባቱ ጠፋ። ያመረተችው ህንድ ራሷ በበሽታው ስትጠቃ ወደ ውጭ መላኩን ገታችው። አንዱን የተወጉ ሰዎች ሁለተኛውን ጠብቁ ተባሉ። በመካከላችን በዚያን ጊዜ ፈልገው ጤና ጣቢያ ሄደው «ተራችሁ አልደረሰም» ተብለው የተመለሱ አሉ። ዛሬ «ለምን አልተከተባችሁም?» የሚባሉት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። እስራኤል አራተኛውን መስጠት በጀመረችበት ሰሞን፣ በአፍሪካ ሙሉ በሙሉ የተከተበው ከአሥር ሰው አንድ ያህል ብቻ ነበር። በኦታዋ የከባድ መኪና ሾፌሮች ክትባት ግዴታ ሆነብን ብለው ከተማ ሲዘጉ በቴሌቪዥን አይተናል። የእነርሱ ቁጣ የበዛባቸው ሰዎች ቁጣ ነው። የእኛ መጀመሪያ ከማጣት ነበር፤ ሲመጣ ደግሞ ከመጠርጠር።

ሐበሻ ክትባት አይወድም የሚል ካለ አንድ ነገር ይይ። በእጃችሁ ላይ ያለውን የፈንጣጣ ጠባሳ ያላችሁ እናቶች እጃችሁን አውጡ ብንል ስንቱ ነው የሚነሳው? ፈንጣጣ ከሀገራችን የጠፋው በነሐሴ 1968 ነው፤ ከዓለምም ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበርን። ያጠፉት ከመንደር መንደር በእግራቸው የዞሩ ከታቢዎች ናቸው። ኅዳር 12 ቀን ሲደርስ በየደጃችን ቆሻሻ የምናቃጥለው በ1911 የኅዳር በሽታ ካለቀው ሕዝብ የተረፈ ልማድ ነው፤ ወረርሽኝን የረሳን ሕዝብ አይደለንም። ኮሮናን አልከተብም ያለች አባላችን ቤት ብትሄዱ፣ የልጆቿ የክትባት ካርድ ከልደት ሰርተፊኬትና ከቤት ውሉ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። የልጆቹን ክትባት የምታምነው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰፈሯን ስለምታውቃት፣ በር አንኳኩታ ስለምትጠይቃት፣ ልጁ ሲያተኩሰውም ተመልሳ ስለምታይላት ነው።

ኮሚቴው ባለፈው ኅዳር ከነበረው ዘመቻ በኋላ ያልተከተቡትን አባላት ቤት ለቤት አነጋግሯል። የሰማነውን እንንገራችሁ። የአውሬው ምልክት ነው ብለው የሚፈሩ አሉ። መካን ያደርጋል ተብለው የሰጉ ወጣት አባላት አሉ። ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ደግሞ መጀመሪያ የተሰጣቸው መልስ ጥንቃቄ የበዛበት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ነፍሰ ጡሮችን ስላላካተቱ ነው። መልሱ በኋላ ቢለወጥም መለወጡን የነገራቸው የለም። ከዚህ ሁሉ የበለጠው ምክንያት ግን ሌላ ሆኖ አገኘነው፦ ትኩሳቱ። ከተወጋች በኋላ አንድ ሁለት ቀን ክንዷ ሊያማት፣ ሊያተኩሳት ይችላል። ይህ የተለመደ ነው፤ ሰውነት መማሩን ያሳያል እንጂ አደጋ አይደለም። ነገር ግን ምጣድ ላይ ለምትቆም ሴት ሁለት ቀን መተኛት ማለት የሁለት ቀን ገቢና ምናልባትም ደንበኛ ማጣት ነው። «አልፈራሁም፤ የምተኛበት ቀን ነው የሌለኝ» ያለችን አባል አለች። ለዚች ሴት ፖስተር ምን ይጠቅማታል?

እንግዲህ ካርዱን የብድር በር ብናደርገው በሩ የሚዘጋው በማን ላይ ነው? ጊዜም ገንዘብም በሌላት ላይ ነው፤ ብድሩም የተቋቋመው ለእርሷ ነው። ሌላም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ካርድ ብድር የሚያስገኝ ከሆነ፣ ካርድ እንጂ ክትባት የማይፈልግ ሰው ይበዛል። ደግሞም ወደ አረብ ሀገር ለመሄድ የተዘጋጁ ልጆቻችን ይህን ወረቀት ቀምሰውታል፤ ሳውዲ አረቢያ መጀመሪያ የተቀበለችው ፋይዘር፣ አስትራዜኔካ፣ ሞደርናና ጆንሰንን ብቻ ነበር፤ ሲኖፋርም የተወጋችው ተጨማሪ ሌላ መወጋት ነበረባት። መርጣ አልነበረም ሲኖፋርም የወሰደችው፤ የደረሳትን ነው የወሰደችው።

የኮሚቴው ሐሳብ ይህ ነው። ብድሩ በቁጠባና በዋስትና መተዳደሪያ ደንባችን እንደነበረው ይቀጥላል፤ የክትባት ካርድ አይጠየቅበትም። ክትባቱን ግን ወደ እናንተ እናመጣዋለን። የወረዳችን ጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ቅዳሜ ጠዋት ወደዚህ አዳራሽ እንዲመጡ ተስማምተዋል። መጀመሪያ ቡና ይፈላል፣ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ስለ መካንነትም፣ ስለ ደም መርጋትም፣ ስለ ማጥባትም። ማንም አይሳቅበትም። የፈለገች ትከተባለች፤ ያልፈለገች ቡናዋን ጠጥታ ትሄዳለች። ከተቻለ በአንድ ጊዜ የሚያልቀው የጆንሰን ክትባት እንዲመጣ ጠይቀናል፤ ሁለተኛ ቀን ለማያገኙ ይሻላል። የተከተበችና ያተኮሳት አባል ለሁለት ቀን ከማኅበራዊ ድጋፍ ሣጥናችን እንድትደጎም ሐሳብ አቅርበናል፤ ጋጋሪ ከሆነችም ምጣዷ ላይ የምትቆምላት አባል በተራ እንመድባለን።

ለደጋፊያችን የጻፍነው መልስ ከዚህ ንግግር ብዙም አይለይም። ያንን ገንዘብ ለቅድመ ሁኔታ ከማዋል ለድጎማው እንዲያውሉት ጠይቀናል። መልሳቸው ገና አልመጣም፤ ሲመጣ እናነብላችኋለን። አይሆንም ብለው ፈንዱን ከወሰዱ ግን የሚቀጥለው ዙር ተበዳሪ ቁጥር መቀነሱ የማይቀር ነው፤ ይህን አውቃችሁ ድምፅ እንድትሰጡ ነው ከድምፁ በፊት መናገር የመረጥነው።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከዚያ ወደ ድምፅ መስጠቱ እንሄዳለን። ማንበብ ለማትችሉ እናቶች ቀይና ነጭ ባቄላ ተዘጋጅቷል፤ ነጩ የኮሚቴውን ሐሳብ መደገፍ ነው፣ ቀዩ መቃወም።