ለበግ ማድለቢያ ተብሎ የወጣ ብር
(ጓሳ ላይ በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)

እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ የብድር መዝገባችን ነው። እኔ ግን መዝገቡን እንደያዝኩ ጎንደር ልወስዳችሁ ነውና ትንሽ ታገሡኝ።

የድሮውን መዝገብ ወደ አዲሱ ስገለብጥ የ2001 ዓ.ም. ገጽ ላይ የእናቴን ስም አገኘሁ። ብድር 1,200 ብር፤ ምክንያት «ለበግ ማድለቢያ»፤ ከስሟ ጎን የአውራ ጣት አሻራ። በዚያ ዓመት ቤታችን የደለበ በግ አልነበረም። እኔ ከጎንደር በሒሳብ አያያዝ በዲፕሎማ የተመረቅሁበት ዓመት ነው። ይህን የምናገረው እሷው ፈቅዳልኝ ነው፤ ያቻት ከፊት ተቀምጣ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። ብሩ ከነወለዱ ተመልሷል፣ መዝገቡ ምስክር ነው።

ጎንደር ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጅቶባታል። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ አንድ ቀን፣ ከዚያ በጎጃም በኩል ሁለት ቀን። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከደብረ ብርሃን አልፋ አታውቅም። ምርቃቱ በሐምሌ ዝናብ አለፈ፤ በማግሥቱ ፋሲል ግቢ ወሰድኳት፤ ሰው ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነዋ። ተመራቂው በየግንቡ በር ሥር ፎቶ ለመነሣት ይጋፋል። እናቴ ጥቂት አየችና «ይኸስ ገበያ ነው። ቁጭ ተብሎ የሚታይ ቦታ የለም?» አለችኝ። ሦስት ዓመት የኖርኩበት ከተማ ነው፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ከትምህርት ቤት ወደ ተከራየሁት ክፍል፣ ከዚያ ፒያሳ፤ የእኔ ጎንደር ይኸው ነበር። አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ናት ቁልቁለቱን ያመለከተችን።

በፒያሳ በኩል አለፍን። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ወረራ የሠራቸውን ፖስታ ቤቱንና ሲኒማውን አሳየኋት፤ ዞር ብላም አላየቻቸው። ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደን ፋሲል መዋኛ ስንደርስ ግን ቆመች። ለጥምቀት ከቀሃ ውኃ ሲገባበት ሕዝቡ አፋፍ ለአፋፍ የሚሞላው ቦታ በዚያ ቀን ከእኛና ከአንድ ዘበኛ በቀር ሰው አልነበረበትም። የግቢው ዛፎች ሥራቸውን በግንቡ ላይ አውርደው ድንጋዩን እንደ ጠፍር አስረውታል። እዚያው ግቢ ጉልላት ያላት ትንሽ ቤት አለች፤ ዞብል የሚባል ፈረስ መቃብር ናት ይባላል። እናቴ «ለፈረስ ይህን ያህል ድንጋይ!» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ዳገቱን ይዘን ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ወጣን። ዳገት ለመንዝ ሴት ምንም አይደለም፤ ይልቅ እኔ ነበርኩ የማለከልከው። ጉሙ ዛፉ ላይ ተኝቷል፣ ብርዱም የኛን ይመስላል። ባናዋን ተከናንባ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች።

ቁስቋምን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። የቋራ ሰው ነች፤ የአፄ በካፋ ሚስት። ባሏ በ1730 እ.ኤ.አ. ሲሞት ልጇ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር እሷም ዘውድ ጭና ከእሱ ጋር ነገሠች። አገር የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ከፋሲል ግቢ ወጣ ብላ በዚህ ተራራ ላይ ቤተ ክርስቲያኑንና የራሷን ቤተ መንግሥት አሠራች። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እዚያ ከርሞ በ1770 እ.ኤ.አ. በፈንጣጣ የታመሙ ቤተሰቦቿን እንዳከመ ጽፏል። በኋላ ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም ነደደ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ሲሠራ፣ ቤተ መንግሥቱ ጣሪያ የለሽ ሆኖ ቀረ። ግድግዳው ላይ ከቀላ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሁንም አሉ፤ እናቴ አንዱን በጣቷ ተከትላ ዞረችው።

አንድ አባት ወደ ውስጥ አስገብተው የመስታወት ሳጥን አሳዩን። የምንትዋብ፣ የልጇ የኢያሱና የልጅ ልጇ የኢዮአስ አፅም በአንድ ላይ አለ። እናቴ «ማን ቀደመ?» አለቻቸው። ልጅየው በ1755 ሞተ፣ የልጅ ልጁ በ1769 ተገደለ፣ እሷ በ1773 ተከተለች፤ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«ሁለቱንም ቀብራ ነዋ» አለች።

ወጥተን ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እናቴ ከእኔ በፊት የተወለዱ ሁለት ልጆች እንደቀበረች አውቃለሁ፤ ሰው ነው የነገረኝ። እሷ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። በዚያ ቀን ስማቸውን ነገረችኝ። ትልቁ ምን ይወድ እንደነበር፣ ትንሿ በስንተኛው ወር እንደሞተች። ቤት ብንሆን ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ እሳቱ አለ፤ ፋሲል ግቢም ብንቆይ ግፊያው አለ። ዝናቡ ሲመጣ ነጠላዋን ጠምዝዛ ተነሣችና «ይኸን ለማየት ለበግ ነው ብዬ ተበድሬያለሁ፤ ዋሽቻለሁ» አለችኝ።

ስንወርድ፣ ክብደቱን ለማቅለል ብዬ፣ የሸዋ ነገሥታት አባት የሚባለው የኛው መንዜ ነጋሲ ክርስቶስ ሹመቱን ሊያስጸድቅ ጎንደር ሄዶ በፈንጣጣ እዚያው ቀረ የሚባለውን ታሪክ ነገርኳት። «እንግዲያ እኔ ደኅና ልመለስ» አለች።

አሁን ወደ መዝገቡ። የብድር ቅጻችን የሚቀበለው አራት ምክንያት ብቻ ነው፦ በግ ማድለቢያ፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ንግድ። ለልጅ ምርቃት፣ ለሕክምና፣ ለሩቅ ለቅሶ የሚል የለም። ስለዚህ ሁሉም በግ ይሆናል። መዝገባችን ላይ የደለበው በግ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ለጓሳ ጭላዳ አንዲት ሣር ባልተረፈች ነበር። (እየሳቃችሁ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልናገርም።)

ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። የበግ ብድር የመመለሻ ቀኑ የሚቆረጠው ለመስቀል ገበያ ነው፤ በጉ ይሸጣል ተብሎ። እናቴ የምትሸጠው የደለበ በግ ስላልነበራት፣ ገብሱም ገና ስላልታጨደ፣ እርጉዝ በጓን በርካሽ ሸጣ ከፈለች። እውነቱን ብታጽፍ ቀኑን እስከ አጨዳው ድረስ እናራዝምላት ነበር። በውሸት ምክንያት የተጻፈ ብድር በውሸት ቀን ይጠየቃል፤ ወገቡ የሚቆረጠው ግን የተበዳሪዋ ነው። እኔም ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ በግ በሌለበት በግ እየጻፍኩ ዓመት መዝጋት ሰልችቶኛል።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቅጹ ላይ «ለራስ ጉዳይ» የሚል አምስተኛ መስመር ይግባ፤ ጣሪያው ከሌላው ብድር ግማሽ ይሁን፤ መመለሻው ከአጨዳ በኋላ ይሁን፤ ሁለት አባላት ይዋሷት። «ገንዘባችን በሽርሽር ያልቃል» ያላችሁኝ አላችሁ። እኔም ሥራውን ስጀምር እንደዚያው እል ነበር። ግን ብሩ ዛሬም በዚሁ መንገድ እየወጣ ነው፤ ልዩነቱ እኛ አለማየታችን ነው። ጣሪያው ካነሰ ወይም ከበዛ ተነጋግረን እንቁረጠው፤ መስመሩ ግን ይኑር።

ረቂቁን በየቡድናችሁ ሰብሳቢ እጅ ሰጥቻለሁ። ማንበብ ለማትችሉ ዛሬ ከቡና በኋላ ቁጭ ብዬ አነብላችኋለሁ። እናቴ ግን ድምፁ እስኪሰጥ አልጠበቀችም፤ ማመልከቻዋን ትናንት ማታ ለእኔው አስሞልታለች። ምክንያት በሚለው ላይ «ላሊበላ» ብላ አስጽፋለች።