ስለ መኪናችን ፍሪሲዮን ድንገተኛ ብልሽትና ከእሱ ስላገኘነው ትምህርት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተፈቀደልኝ ስለ መኪና ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ የጥገና ካርድ ጸሐፊ ስለነበርኩ፣ መካኒኮቹ የሚሉትን እየሰማሁና እየጻፍኩ ነው ያረጀሁት። የምናገረውም ከዚያ የለቀምኩትን ነው።

እንደምታስታውሱት በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ከአባሎቻችን የአንዱ እናት ባረፉ ዕለት፣ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን የጫነችው አሮጌዋ ሚኒባሳችን ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ፤ ማርሽም አልገባ አለ። ወጣቶቻችን ድንኳኑን በትከሻቸው ተሸክመው ወሰዱት። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀን። የሟች ልጅ አንዲት ቃል ባይናገረንም እኛ ግን አፍረናል።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። «ሾፌሩ ነው ያቃጠለው፤ እግሩን ከፍሪሲዮን ላይ አያነሳም» ተባለ። የወር ደመወዙ ለማሠሪያ ይያዝ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ አልዋሻችሁም፣ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። አንድ ጋራዥም መኪናዋን በወጉ ሳያያት «ካምቢዮው ይውረድ፣ ፍሪሲዮኑ በሙሉ ይቀየር» አለን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሸራ ማለቅ እንዲህ ነው እንዴ? እያልኩ የድሮ ካርዶቼን በሐሳቤ ሳገላብጥ አደርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ዕቃ ነው። ሳንረግጠው ሸራው ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከረው ከባድ ብረት ላይ ተጭኖ ኃይሉን ይቀበላል። ስንረግጠው ይላቀቃል፤ ያኔ ማርሽ ይገባል። እንደ እኛዋ ባለች መኪና የእግራችንን ኃይል የሚያደርሰው የፍሬን ዘይት ነው። ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው የላይኛው ፖምፓ ዘይቱን በቀጭን ቧንቧ ይገፋዋል፤ ዘይቱም ካምቢዮው ጎን ያለውን የታችኛውን ፖምፓ ይገፋል። እንደ ድሮው ፎልክስዋገን ኮምቢ ባሉት ደግሞ ይህን የሚሠራው ገመድ ነው፤ ገመዱ ሲበጠስ ፔዳሉ እንዲሁ በድንገት ይወድቃል።

እንግዲህ ሸራ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ የመቃጠል ሽታም ይመጣል። ፔዳል በድንገት ወለል ላይ መቅረት ግን ሌላ ነገር ነው። በቅድሚያ የሚጠረጠረው ዘይቱና ፖምፓው ነው።

ጧት ሾፌሩን ከቤቱ ጠርቼ አብረን ወደ መኪናዋ ሄድን። የእጅ ፍሬኑን ይዘን ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፍናቸው። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተን ማርሽ ብናስገባ ገባ። ሞተሩ ሲነሳ ግን እምቢ አለ። ይህ ፍሪሲዮኑ አለመላቀቁን የሚያሳይ ምልክት ነው። ሞተሩን አጥፍተን የዘይቱን ዕቃ ከፍተን ብናይ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዘይት ጨምረን ፔዳሉን ደጋግመን ስንረግጠው ትንሽ ከፍ አለ፣ ወዲያው ተመልሶ ወረደ። ከዚያ ከመኪናዋ ሥር አየን፤ የታችኛው ፖምፓ ደረቅ ነው። በመጨረሻ ከሾፌሩ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ብናነሳው በዘይት ርሷል። ከላይ ከፖምፓው ነው የሚወርደው። በቃ፤ ያለቀው የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ ነበር።

ሁለቱም ፖምፓዎች ደረቅ ሆነው፣ የታችኛው በደንብ እየገፋ፣ ፍሪሲዮኑ ግን አልላቀቅ ቢል ኖሮ ጥፋቱ ከውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ካምቢዮ ይውረድ ቢባል እውነት ነው። ውስጥ ከመፍታት በፊት ውጭውን ማየት ግን ምንም አያስከፍልም።

የሰፈራችን መካኒክ ጎሚኒውን ቀየረና አየሩን አስወጣ። አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው የአየር ማስወጫዋን ብሎን ከፍቶ፣ እግሩ ሳይነሳ ይዘጋል፤ ዘይቱም እንዳያልቅ እየተጨመረ። ከምሳ በፊት መኪናዋ ተነሳች። ወጪውም ካምቢዮ አውርዶ ፍሪሲዮን ከመቀየር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር። አንድ ነገር አደራ፦ ዘይት ጎደለ ብላችሁ የሞተር ዘይት እንዳትጨምሩ፤ ጎሚኒውን ያሳብጠውና ጭራሽ ያበላሸዋል።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የእድሩን የወጪ ሰነድ ብገልጥ፣ በመስከረምና በጥቅምት የፍሬን ዘይት የተገዛባቸው ሦስት ደረሰኞች አገኘሁ። በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት በእኔው በእድሩ ጸሐፊ እጅ ነው። የፍሪሲዮን ዘይት እንደ ናፍጣ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ሾፌሩ ሦስት ጊዜ «ዘይት ጎድሏል» ብሎ ነግሮናል፤ እኛ ሦስት ጊዜ ገንዘብ ሰጥተን ሸኘነው። ለምን ይጎድላል ብሎ የጠየቀ የለም። የጋራዥ ካርድ ስጽፍ ያረጀሁት ሰውዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

የተያዘው ደመወዝ ተመልሶለታል። ይቅርታ ስጠይቀው «ምንም አይደለም ጋሼ» ብቻ ነው ያለኝ። እኔ ግን የከሰስነው በኮሚቴ ፊት ስለሆነ፣ ይቅርታውም በጉባኤ ፊት መሆን አለበት ብዬ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መኪናዋ ውስጥ ደብተር ይቀመጥና የተጨመረው ዘይት፣ የተሰማው ድምፅ ሁሉ ይጻፍበት፤ በየወሩም ሰው ያንብበው። ሁለተኛ፣ ትልቅ ዕቃ ከመፈታቱ በፊት ሁለተኛ ሰው ይይ። ሦስተኛ፣ ሾፌሩ ሳይጠየቅ በሾፌሩ ላይ ድምፅ አይሰጥ።

እድር የቆመው ሰው በክፉ ቀኑ ብቻውን እንዳይሆን ነው። ያ ቀን ለሾፌራችን ክፉ ቀን ነበር፤ እኛ ግን አብረነው አልቆምንም። ወንድሜ፣ እዚያ ኋላ ተቀምጠህ አይሃለሁ፤ ይቅር በለን።