የመንግሥት ፋብሪካና የአርሶ አደሩ ማሳ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ለኢንዱስትሪ ዕድገት ያላቸው ሚና ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሕንፃውና ስለ ማሽኑ ነው። የወንጂ ተሞክሮ ግን የአርሶ አደሩ ማሳም የፋብሪካው አንድ ክፍል መሆኑን ያሳያል።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። በኋላም የሸዋ ፋብሪካ ተጨመረ። በ1967 ዓ.ም. ሁለቱም ወደ መንግሥት ይዞታ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው አርሶ አደሮች በማኅበር ተደራጅተው ሸንኮራ አገዳ ለፋብሪካው ማቅረብ ያዙ። ነባሮቹ ፋብሪካዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት አገልግሎት በኋላ አርጅተው ሲዘጉ፣ በቀን 6,250 ቶን አገዳ የመፍጨት አቅም ያለው አዲስ ፋብሪካ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የዚህ ዓይነቱ ወጪ የሚመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ በመሆኑ የመንግሥት ድርሻ የጎላ ነው።

ይሁን እንጂ ማሽን ብቻውን ስኳር አይሰጥም። የተቆረጠ አገዳ ሳይፈጭ ውሎ ካደረ የስኳር ይዘቱ ይቀንሳል። መንገዱ ከተበላሸ፣ መኪናው ከዘገየ ወይም የመስኖው ቦይ በደለል ከተሞላ የአዲሱ ማሽን ጥቅም ከንቱ ይሆናል።

በአርሶ አደሩ በኩልም ከባድ ነገር አለ። በቆሎውንና ጤፉን ትቶ አገዳ የተከለ ገበሬ የመጀመሪያውን ምርት ለማየት ከአንድ ዓመት በላይ ይጠብቃል። አገዳ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪሻሻል አይቆይም፤ ገዢውም አንድ ፋብሪካ ነው። ክፍያ ከዘገየ ወይም ሚዛኑ ካጠራጠረ ቀድሞ የሚቸገረው ቤተሰቡ ነው። የተቸገረ ገበሬ ደግሞ ማሳውን እንደ ቀድሞው አይኮተኩትም፤ ጉዳቱ ዞሮ ፋብሪካው ዘንድ ይደርሳል።

ስለሆነም የቢራ ገብስም ሆነ ስንዴ ለፋብሪካ የሚያቀርብ ዩኒየን ከወንጂ የሚማረው አለ። ዋጋው የሚተመንበት መንገድ ከዘር በፊት በውል ይስፈር። ሚዛኑ የማኅበሩ ተወካይ ባለበት ይነበብ። የክፍያው ቀን በጽሑፍ ይታወቅ። አንድ ገበሬ ብቻውን ሊጠይቅ የማይደፍረውን እነዚህን ነገሮች ማኅበር በጋራ ይጠይቃል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ።