ዱባይ ላይ የዋልኩበት ዓርብ

በቅርቡ ሁለት ልጆች ቢሮዬ መጥተው፣ «ወደ አገር ስንገባ ዱባይ ላይ ብዙ ሰዓት እንጠብቃለን፤ ጓደኛችን እዚያ አለች፣ ወጥተን ብናይስ?» አሉኝ። «አትውጡ» አላልኳቸውም። እኔም ወጥቻለሁና። ለእነሱ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 2018 ነው። ቤይሩት አምስት ዓመት ሠርቼ ወደ አገሬ ስመለስ፣ ዓርብ ጠዋት ዱባይ አረፍኩ። የአዲስ አበባው በረራ ሌሊት ነበር። ኮምቦልቻ አብራኝ ያደገች ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ወደዚያ ሄዳ ነበርና፣ «ዓርብ ዕረፍቴ ነው፣ ነይ አሳይሻለሁ» ብላኛለች። እኛ ዱባይ ደርሰን በር ላይ ቪዛ አይመታልንም፤ ትኬቱን የቆረጠልኝ ቢሮ በአየር መንገዱ በኩል የ48 ሰዓት የትራንዚት ቪዛ አስቀድሞ አስወጣልኝ። ይህን ያዙልኝ። የ48 ሰዓቱ ክፍያ የለውም፣ የ96 ሰዓቱ 50 ድርሃም ነው። ቢሮ ለአገልግሎቱ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ መቶ ድርሃም የሚጠይቃችሁ ግን እየበላችሁ ነው።

ተቃቅፈን ካለቀስን በኋላ ዴራ ወሰደችኝ፣ ናይፍ የሚባለው ሰፈር። በአማርኛ የተጻፈ የምግብ ቤት ስም ሳይ እግሬ ተሳሰረ! ፍርፍር በልተን ቡና ጠጣን። ከዚያ ወደ ክሪኩ ወርደን አብራ በምትባለው የእንጨት ጀልባ በ1 ድርሃም ወዲያ ማዶ ተሻገርን። ዓርብ ስለሆነ ጀልባው እንደኛ ባለ ሠራተኛ ሞልቷል፤ ፊሊፒኖው፣ ሕንዱ፣ ባንግላዴሹ ሁሉም ፎቶ ይነሳል። ያን ቀን ማንም «ነይ፣ ውሃ አምጪ» አላለኝም። ይህን ከእናንተ በቀር ለማን ባወራው ይገባዋል?

ግን አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ከጀልባው ስንወርድ የፖሊስ መኪና ቆሞ ነበርና ጓደኛዬ እጄን ይዛ መንገድ ተሻገረች። ሜትሮ እንሳፈር፣ ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ ስላት፣ «ሜትሮ ይቅርብን፣ ይጨናነቃል» አለች። ቡርጅ ኸሊፋን፣ ያንን የ828 ሜትር ሕንጻ፣ ከሩቅ ብቻ አየሁት። በአውቶቡስ ሻርጃ ሄድን፣ ሰማያዊውን ገበያ ከውጭ አይተን አለፍን። ሻርጃ አለባበስ ላይ ከዱባይ ይጠብቃል፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ከዚያ ወደ አጅማን።

አጅማን ከሰባቱ ኤሚሬቶች ትንሿ ናት። ጓደኛዬ የምታድርበት ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች ተደራራቢ አልጋ ላይ ይተኛሉ። የሰው ቤት ትሠራለች ብዬ ነበርና ግራ ገባኝ። ብዙም ሳንቀመጥ አንዲት የአገራችን ሴት ደብተር ይዛ ገባች። «አገር ቤት ምን አለሽ? እዚሁ ቅሪ። በወር 1,500 ድርሃም የሚከፍል ቤት ዛሬውኑ አለኝ። ፓስፖርትሽን ለእኔ ስጪኝ፣ ወረቀቱን እጨርስልሻለሁ» አለችኝ።

እኅቶቼ፣ አልዋሻችሁም፣ አሰብኩበት። አምስት ዓመት የላክሁት ገንዘብ ቤት ውስጥ እንዳለቀ አውቅ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ያለው ለዘመድ የገዛሁት ልብስ ነው። ፓስፖርቴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ይህን ጊዜ ጓደኛዬ ክንዴን ጨብጣ፣ «ነይ መጀመሪያ ባሕሩን ላሳይሽ» ብላ ጎትታ አስወጣችኝ።

ቤይሩት አምስት ዓመት ስኖር ባሕሩን የማየው በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ነበር። አጅማን ኮርኒሽ ላይ ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ቆምኩ። እሷ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «የኔ ፓስፖርት እሷ ጋ ነው። በጉብኝት ቪዛ መጥቼ ሰጠኋት፣ ቪዛው ተቃጠለ። በሰዓት እየተቀጠርኩ አጸዳለሁ፣ በየወሩ ለእሷ እከፍላለሁ። እናቴ ስትሞት መሄድ አልቻልኩም። አንቺን ይዤ የመጣሁት እሷ አምጪያት ብላኝ ነው፤ ይቅር በይኝ» አለችኝ።

ያኔ የኤሚሬቶች መንግሥት ከኦገስት 1 ጀምሮ የምሕረት ጊዜ ከፍቶ ነበር፤ ፈቃዱ ያለቀበት ሰው ቅጣት ሳይከፍል እንዲወጣ ወይም ወረቀቱን እንዲያስተካክል። «ታዲያ ለምን አልሄድሽም?» አልኳት። «ወጥመድ ነው፣ ያስሩሻል ይላሉ።» «ማን ነው የሚለው?» ዝም አለች። ቆይታ፣ «እሷ» አለች።

አብራኝ እንድትወጣ ለመንኳት፣ አልቻልኩም። ከሻርጃ ወደ ዱባይ የሚወስደው መንገድ ማታ ልክ እንደ መገናኛ ይቆማል፤ ታክሲው ውስጥ ሆኜ ላብ አጠመቀኝ። በሩ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ስለዚህ ከከተማ የምትመለሱት በረራው ከመነሳቱ ሦስት ሰዓት በፊት አየር ማረፊያ እንድትደርሱ አስባችሁ ይሁን፤ ሻርጃና አጅማን ከሄዳችሁ ደግሞ መንገዱን ሁለት እጥፍ ቁጠሩት። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ መሆኑንም አትርሱ፤ 22፡30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4፡30 ነው።

ፓስፖርት ደግሞ ከእጃችሁ አይውጣ፣ የምታምኗት ጓደኛ ዘንድም ቢሆን። በ2022 የወጣው የኤሚሬቶች የቤት ሠራተኞች ሕግ አሠሪም ቢሆን ፓስፖርት እንዳይዝባችሁ ይከለክላል፤ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣችኋል። ይህ ሁሉ የሚጠብቃችሁ ግን በሥራ ፈቃድ ስትገቡ ነው። በትራንዚት ወይም በጉብኝት ቪዛ ቀርታችሁ ብትሠሩ ያለፈው እያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጥራል፤ አሠሪው ደመወዝ ቢከለክላችሁም ለመክሰስ ትፈራላችሁ። ደላላዋ የምትነግድበት ይኼው ፍርሃት ነው። አደጋ ላይ ከሆናችሁ ፖሊስ 999 ነው።

ጓደኛዬ የ2018ቱ ምሕረት አመለጣት። በሴፕቴምበር 2024 እንደገና ሲከፈት በየቀኑ ደወልኩላት። ሴትዮዋ ፓስፖርቱን ጠፋ አለቻት፤ ዱባይ ያለው ቆንስላችን ሄዳ ሊሴ ፓሴ አወጣች። አላሰሯትም። ኖቬምበር ላይ ቦሌ ልቀበላት ሄድኩ። አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ወጣች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። ብዙ ከተቃቀፍን በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ቡርጅ ኸሊፋን ሳላሳይሽ ቀረሁ አይደል?» የሚል ነበር።