ስለ ነጭ ድብ ኑሮና ጤና የተደረገ ንግግር



ድብ በአገራችን ዱር አይገኝም፤ ስሙን የምናውቀው ዳዊት እረኛ ሳለ ከመንጋው የነጠቀውን ድብ እንደ ገደለ ካነበብንበት መጽሐፍ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን በምድር ሰሜን ዳርቻ፥ በበረዶ በተሸፈነ ባሕር ላይ ስለሚኖረው ስለ ነጭ ድብ ነው። የሩቅ አውሬ ነገር ምን ያደርግልናል የሚል ቢኖር፥ ዕውቀት በምን መንገድ እንደሚገኝ ከእርሱ እንማራለንና ጥቂት ይታገሠኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቈጣጠር እናገራለሁ።

የነጭ ድብ ሕይወቱ ስብ ነው። ጠጕሩ ነጭ ይምሰል እንጂ ቀለም የለውም፤ ቆዳው ጥቁር ነው፤ ከቆዳው በታችም ብርድ የሚመክትበት ወፍራም ስብ አለው። ምግቡ አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነው። አቆስጣ ለመተንፈስ ከበረዶው ቀዳዳ ብቅ ሲል ድቡ አድፍጦ ይይዘዋል፤ ከሥጋውም ይልቅ ስቡን ይመርጣል። ያረገዘች እንስት በበረዶ ውስጥ ዋሻ ቈፍራ ትወልዳለች፤ በአንዳንድም ስፍራ እስከ 8 ወር ድረስ ምንም ሳትበላ በስቧ ብቻ ትኖራለች። ደቦሉ ሲወለድ ከ1 ኪሎ ያነሰ ነው፤ የእናቱ ወተት ግን ከመቶው 30 ያህሉ ስብ ስለ ሆነ ፈጥኖ ያድጋል።

ሰው ይህን ያህል ስብ ቢበላ ልቡና የደም ሥሩ ይታመማል። በ2014 ሊቃውንት የነጩንና የቡናማውን ድብ ጂን፥ ይኸውም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን፥ ቢያስተያዩ፥ ስብን በደም ውስጥ የሚያመላልሰው ነገር በነጩ ተለውጦ አገኙት።

ጉበቱ ግን ለሰው መርዝ ነው። በ1597 በኖቫያ ዜምልያ ደሴት የነበሩ የሆላንድ መርከበኞች ከድብ ጉበት በልተው ታመሙ፥ ቆዳቸውም ተላጠ። ምክንያቱ ብዙ ዘመን ተሰውሮ ቈየ፤ በ1943 ሮዳልና ሙር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በጉበቱ ቪታሚን ኤ የሚባለው ከልክ በላይ መብዛቱን ጻፉ። በልኩ ለዓይን የሚጠቅመው ነገር ሲበዛ ይጐዳል።

ይህ ሁሉ በግምት አልታወቀም። በካናዳ፥ በሐድሰን ባሕረ ሰላጤ ምዕራብ፥ ኢያን ስተርሊንግና ባልንጀሮቹ ብዙ ዓመት ደክመዋል። ድቡን ከሄሊኮፕተር ላይ በሚያስተኛ መድኃኒት ይወጉታል፤ ተኝቶ ሳለ ይመዝኑታል፤ ከደሙና ከስቡም ይወስዳሉ። አንዲት የማትጠቅም ትንሽ ጥርስ ይነቅላሉ፤ በጥርሷ በየዓመቱ መስመር ስለሚጨመር ያንን ቈጥረው ዕድሜውን ያውቃሉ። የት እንደ ሄደ የሚያስታውቀውን የአንገት መሣሪያ ግን ለእንስቲቱ ብቻ ያስራሉ፤ የወንዱ አንገት ከራሱ ይወፍራልና ይወልቃል።

እንዲህ በመመዘንና በመቍጠር ክፉ ነገር ተገለጠ። አየሩ ስለ ሞቀ በረዶው ከቀድሞው ቀድሞ ይቀልጣል፤ ድቡም የሚያድንበት ጊዜ አጠረ፥ እንስቶቹ ከሱ፥ ደቦሎቹም አነሱ። በዚያ ስፍራ በ1987 ወደ 1,200 የተገመቱት ድቦች በ2016 ወደ 842፥ በ2021 ወደ 618 ወረዱ። ደግሞም ፋብሪካ በሌለበት አገር ሳለ በስቡ ውስጥ ፒ ሲ ቢ የሚባል የፋብሪካ መርዝ ተገኘ፤ ነፋስና የባሕር ጅረት ከሩቅ አምጥተውት ነው። አምስት መንግሥታት ድቡን ለመጠበቅ በ1973 ተስማምተዋል፤ ነገር ግን ውል የአዳኙን እጅ ይይዛል እንጂ በረዶውን ከመቅለጥ አይመልስም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ አንድ ድብ ቢከሳ ያየው ሰው ታሞ ነው ብሎ ያልፋል፤ የብዙ ድቦችን ክብደት ብዙ ዓመት የጻፈ ግን የአገሩን መለወጥ ያውቃል። ሽማግሌዎችም በልጅነታችሁ ዝናቡ መቼ ይገባ እንደ ነበር፥ የቱ ምንጭ እንደ ደረቀ ታስታውሳላችሁ። ልጆቹ ይህን ከአፋችሁ ሰምተው በደብተር ይጻፉት፤ የዘንድሮውንም ከሥሩ ይጨምሩ። ያልተጻፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።