እሳትን አጥፍቶ ስለ መተኛት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

የዛሬው ርዕሳችን ስለ እሳት ነው፤ ስለ ጀሀነም እሳት ሳይሆን ስለ ምድጃችን እሳት። አንዳንድ ወንድሞች «ይህማ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለው ሬዲዮናቸውን እንዳይዘጉ አደራ እላለሁ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ዋቂዓ ስለምናቀጣጥላት እሳት ይጠይቀናል፤ ዛፏን ያበቀልነው እኛ ነን ወይስ እርሱ? እሳትንም መገሰጫ፣ ለመንገደኞችም መጠቀሚያ እንዳደረጋት ይነግረናል። ስለዚህ እሳት ኒዕማ ናት። ነቢዩም (ሶ.ዐ.ወ) ሙስሊሞች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን አስተምረዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። እናቶቻችን ኪታብ ሳይቀሩ ይህን ሠርተውበታል። በሐብሩ ገጠር ጎረቤት ኩበት ይዞ «እሳት ልጫር» ብሎ ሲመጣ ማን ይከለክለው ነበር? ክብሪት በየቤቱ ከገባ ወዲህ ግን ይህ መጠያየቅ ሳስቷል።

እሳት ማንደድም ዕውቀት ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከምድጃ አጭቆ እፍ እፍ ሲሉ መዋል ዓይንን ማጥፋት ነው። እንጨቱ ቀድሞ ተፈልጦ ይድረቅ፤ ጭራሮው ከሥር ይሁን፤ አየር መግቢያ ይተውለት። የማሽላ አገዳ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ለማያያዣ እንጂ ለእንጀራ አይበቃም። ፌስታል ማቃጠል መርዝ መማግ ነው። በፍም ላይ ላምባ ማፍሰስማ በራስ ላይ እሳት መልቀቅ ነው።

በ1980ዎቹ በአገራችን የተሠራውን ምርጥ ምድጃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን ይከባል፤ ነበልባሉ ከሦስት ጉልቻ እንደሚያመልጠው አያመልጥም። በአግባቡ ከተያዘ የእንጀራ ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ባል ይህን ለቤቱ ቢገዛ ቅንጦት አይደለም። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ በቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ፣ የሶላት ሰዓት እስኪደርስ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ተናግረዋል። የሚስቱ ዓይን በጭስ ሲቀላ እያየ ውጭ ተቀምጦ ቁርሱን የሚጠብቅ ሰው ይህን ሐዲስ ያስታውስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መርሳ ቆላማ ናት፤ ወልድያ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቡና ከተፈላ በኋላ የቀረውን ፍም ከነማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት፣ በሩን ዘግቶ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ጨርቅ ወትፎ መተኛት የተለመደ ነው። አራስ ያለችበት ቤትማ ይብሳል፤ «ብርድ እንዳይመታት» ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ይነድላታል።

አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነሰዎቹ ተቃጠለ። ወሬው ለነቢዩ ሲደርሳቸው እሳት ጠላታችን መሆኗን ነግረው ስንተኛ እንድናጠፋት አዘዙ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ አይጥ የኩራዙን ፈትል ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ ልታቃጥል እንደምትችል አመልክተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ኢማም ነወዊ በሙስሊም ሸርሕ ላይ፣ ተሰቅሎ ቃጠሎ የማያስፈራ መብራት ቢተው ችግር እንደሌለው ይናገራሉ፤ የትእዛዙ ምክንያት ከሌለ ክልከላው አይኖርምና። ታዲያ «የእኔ ፍም በብረት ማንደጃ ውስጥ ነው፤ አይጥም አትጎትተው፣ ቤትም አያቃጥል» የሚል ሰው በዚህ ሊጠቀም ይችላልን? አይችልም። ምክንያቱ ጉዳት ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ በዚህ ቦታ ከነበልባሉ ሳይሆን ከአየሩ ይመጣል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የተኛ ሰው አይታፈንም፣ አያስለውም፤ እንቅልፉ ብቻ እየከበደ ይሄዳል።

«ከሰሉ እኮ ጭሱን ጨርሶ ቀልቷል» ይባላል። የቀላው ፍምም ጋዙን ያወጣል፤ የማይታየው ይህ ነው። «አመድ አልብሰነዋል»፣ «ጨው ነስንሰንበታል» የሚሉም አሉ። አመድ ፍሙን ያቆየዋል እንጂ ጋዙን አያቆመውም፤ ጨውም ምንም አያደርግለትም። ጠዋት ራሱን ይዞ የሚያቃስተውንና የሚያስመልሰውን ሰው «ጅን ነክቶት ነው» ብሎ እዚያው ክፍል ውስጥ አስተኝቶ መቅራት ደግሞ ሰውየውን ለሞት ማቆየት ነው። ጅን መኖሩን እናምናለን፤ ማንደጃው ግን ፊት ለፊታችን ተቀምጧል። መጀመሪያ በሩ ይከፈት፣ ሰውየው ወደ ንጹህ አየር ይውጣ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። «ተሽሎኛል» ቢልም ይታይ። ቁርአኑን መንገድ ላይም ይቀሩለታል።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወልድያ በጦርነት ውስጥ በነበረችባቸው ወራት መብራት ጠፍቶ ሁሉም ወደ እንጨትና ከሰል ተመልሶ ነበር። ዛሬም መብራት በሄደ ቁጥር እንመለሳለን። ስለዚህ ይህ የድሮ ወሬ አይደለም።

«ለሱብሒ ውዱእ የሚሞቅ ውሃስ?» ትላላችሁ። ፍሙ ከመኝታ ክፍሉ ተለይቶ በቆመው ማእድ ቤት ምድጃ ውስጥ በረመጥ ይዳፈን፤ የሚቀጣጠል ነገር ከአጠገቡ ይራቅ። ውሃው በማታ ይፍላና በፔርሙዝ ይደር። ለአራሷም ክፍሉ ቀድሞ ይሙቅ፤ ከመተኛቷ በፊት ማንደጃው ወጥቶ አየሩ ይቀየር፤ ከዚያ ብርድ ልብስ ይጨመርላት። ማእድ ቤት የሌለው ተከራይም ፍሙን ደጅ አውጥቶ ውሃ ያፍስበት። የነገው ቡና በአዲስ ከሰል ይፈላል።